ከበረዶው ሥር ያለው ሞቃት ውሃ ለምን ወደ ላይ አይወጣም?

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «በአርክቲክ ውቅያኖስ ከበረዶው ሥር፣ ከ200 ሜትር በታች፣ ከላዩ ውሃ ይልቅ ሞቃት የሆነ ውሃ እንዳለ አነበብኩ። ሞቃት ውሃ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል ተብለን ነው የተማርነው። ታዲያ ይህኛው ለምን ታች ቀረ? ቢወጣስ በረዶውን ያጠፋዋል? ደግሞስ የዋልታ ባሕሮች በፍጥነት እየተለወጡ ነው ሲባል፣ ከበረዶው መቀነስ ሌላ በውሃው ውስጥ የተለወጠው ምንድን ነው?»

ጥያቄው ሦስት ይመስላል እንጂ አንድ ነው፤ ሦስቱንም የሚመልሰው ጨው ነው። በሞቃታማው የምድር ክፍል ባሉ ባሕሮች ውሃውን ከላይና ከታች አድርጎ የሚደረድረው በዋናነት ሙቀት ሲሆን፣ በዋልታዎች አካባቢ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ጨው ነው። የአርክቲክ ሞቃት ውሃ ታች የቀረው ጨው ስለሚበዛበትና በዚህም የተነሣ ስለሚከብድ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ እየተለወጠ ያለውም ከሁሉ በላይ ይህ በጨው የተሠራ ድርድር ነው። ይህን በአንድ አንቀጽ ተናግሮ መተው ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዝርዝሩ ላይ ስለሆነ ደረጃ በደረጃ ላስረዳ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ «ሞቃት» የሚለውን ቃል እናጥራ። ይህ ውሃ እጅ የሚያሞቅ አይደለም። በአርክቲክ መካከል ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ጥቂት ከፍ ያለ ነው፤ ወደ አውሮፓ በሚቀርበው ጎን ደግሞ 2 ወይም 3 ዲግሪ ይደርሳል። ይሁን እንጂ የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት በረዶ የሚሆነው በዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በታች በ1.8 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የበረዶውን ሆድ የሚነካው ውሃ ዘወትር በዚሁ ነጥብ አካባቢ ይገኛል። አንድ ዲግሪ ያለው ውሃ ከዚህ ነጥብ በ3 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ለበረዶ ደግሞ ቁም ነገሩ ከዚህ ነጥብ በላይ ያለው ትርፍ እንጂ ለእጃችን የሚሰማን ቅዝቃዜ አይደለም።

አሁን ወደ እፍግታ እንሂድ፤ እፍግታ ማለት አንድ ሜትር ኩብ ውሃ የሚመዝነው ክብደት ነው። የተማሩት ሕግ ስሕተት አይደለም፤ ያልተነገረዎት ነገር ቢኖር የሕጉ ጉልበት በሁሉም ቦታ እኩል አለመሆኑ ነው። 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው የባሕር ውሃ ላይ አንድ ዲግሪ ብንጨምር፣ የአንዱ ሜትር ኩብ ክብደት በሩብ ኪሎ ግራም ገደማ ይቀንሳል። ያንኑ አንድ ዲግሪ በረዶ ሊሆን በተቃረበ ውሃ ላይ ብንጨምር ግን ቅናሹ ከ0.05 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም። ቀዝቃዛ ውሃ ለሙቀት ለውጥ ደንዳና ነው። ጨው ግን በቀዝቃዛውም በሞቃቱም ውሃ ጉልበቱ ያው ነው፤ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ ውስጥ አንድ ግራም ጨው ሲጨመር የሜትር ኩቡ ክብደት በ0.8 ኪሎ ግራም ገደማ ከፍ ይላል። እንግዲህ ወደ ዋልታ በቀረብን ቁጥር ሙቀት ከውድድሩ እየወጣ ሜዳውን ለጨው ይለቃል።

ይህን በቁጥር እንየው። በአርክቲክ ካናዳ ተፋሰስ (በካናዳ በኩል ባለው የውቅያኖሱ ጥልቅ ጎድጓዳ ክፍል) ውስጥ የላዩ ውሃ በኪሎ ግራም 30 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ በ400 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ሞቃት ውሃ ደግሞ 34.8 ግራም። የሙቀት ልዩነታቸው 2.5 ዲግሪ ቢሆን፣ ሙቀቱ የታችኛውን ውሃ በ0.1 ኪሎ ግራም ገደማ ያቀልለዋል፤ ጨው ግን ያንኑ ውሃ ወደ 4 ኪሎ ግራም ያከብደዋል። አንዱ ከሌላው ከ30 እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ ፉክክር የሚባል ነገር የለም። ውሃው ሞቃት ሆኖ ታች መቀመጡ ሕጉን መጣስ አይደለም፤ ሕጉን እስከ መጨረሻው መከተል ነው።

የመለኪያው መሣሪያ ሲወርድ የሚያሳየውን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጨዋማነትን፣ ሙቀትንና ጥልቀትን በአንድ ጊዜ የሚመዘግበውና በሙያው ሲቲዲ የሚባለው መሣሪያ በበረዶው ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ሲወርድ፣ የመጀመሪያዎቹን 30 ሜትር ያህል ሁለቱም መስመሮች ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ ይህ ነፋስና በረዶ የሚያማስሉት የላይኛው ንብርብር ነው፤ ሙቀቱም በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጨዋማነቱ በየሜትሩ ማሻቀብ ይጀምራል፤ ሙቀቱ ግን፣ በተለይ በሳይቤሪያ በኩል ባለው ዩሬዥያ ተፋሰስ፣ ንቅንቅ አይልም። ለብዙ አሥር ሜትሮች ጨው ብቻ ይጨምራል፣ ሙቀት ባለበት ይቆያል። ከዚያ ወደ 150 ሜትር አካባቢ (በካናዳው በኩል ይልቁንም ወደ 250 ሜትር) ሙቀቱ በድንገት ወደ ቀኝ ይታጠፍና ዜሮን አልፎ ይወጣል። እኔ ይህን መስመር ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ሞቃቱ ጫፍ ላይ አይደለም፤ ከእርሱ በላይ ባለው፣ ጨው እየጨመረ ሙቀት በማይለወጥበት ክፍል ላይ ነው። ይህ ቀዝቃዛው ሃሎክላይን ይባላል፤ የጨው ሽግግር ንብርብር ማለት ነው። በረዶውን ከታቹ ሙቀት የሚለየው ግድግዳ እርሱ ነው፤ ግድግዳው ራሱ ደግሞ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ የክረምት ነፋስ ከላይ ቢቦረቡረው እንኳ ወደ በረዶው የሚያደርሰው ቀዝቃዛ ውሃ ነው እንጂ ሙቀት አይደለም።

ግድግዳውን ማን ሠራው? የላዩን ቀላል ውሃ የሚያመጡት ወንዞች ናቸው፦ ኦብ፣ የኒሴይ፣ ሌና፣ ማኬንዚ። አርክቲክ ከዓለም ውቅያኖስ ውሃ የያዘው አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ወደ ውቅያኖሶች ከሚገባው የወንዝ ውሃ ግን አሥር በመቶ ያህሉ የሚፈስሰው ወደ እርሱ ነው። በ50 ሜትር ጥልቀት ብቻ ባለው በቤሪንግ ሰርጥ በኩልም ከፓሲፊክ የሚገባው ውሃ ከአትላንቲኩ ያነሰ ጨው ያለው ነው። ሞቃቱና ጨዋማው የአትላንቲክ ውሃ በፍራም ሰርጥ (በግሪንላንድና በስቫልባርድ መካከል) እና ከኖርዌይ በስተሰሜን ባለው በባሬንትስ ባሕር በኩል ይገባና ከእነዚህ ሥር ይሰርጋል። በመካከል ያለውን ሃሎክላይን የሚመግበው ደግሞ በአብዛኛው በረዶው ራሱ ነው። የባሕር ውሃ በረዶ ሲሆን ጨውን አይቀበልም፤ አብዛኛውን ወደ ታች ይጥለዋል። በሳይቤሪያና በአላስካ ዳርቻ ባሉ ጥልቀት በሌላቸው ባሕሮች ላይ በክረምት የሚሠራው በረዶ የሚጥለው ጨው፣ በዚያ ያለውን ውሃ ቀዝቃዛነቱን ሳይለቅ ጨዋማ ያደርገዋል፤ ይህም ውሃ በባሕሩ ወለል እየተንሸራተተ ወደ ጥልቁ ተፋሰስ ይወርድና ከአትላንቲኩ ውሃ በላይ፣ ከወንዙ ውሃ በታች፣ በክብደቱ የሚገባውን ቦታ ይይዛል። በረዶው በእርግጥ የራሱን መከላከያ ይገነባል ማለት ይቻላል፤ ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሞቃቱ ውሃ መኖሩ የታወቀው ዘንድሮ አይደለም። ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ፍራም የተባለችውን መርከቡን እ.ኤ.አ. በ1893 ሆን ብሎ በበረዶ አስይዞ እስከ 1896 ከበረዶው ጋር ስትንሳፈፍ፣ ቴርሞሜትሮቹ ከቀዝቃዛው ሽፋን ሥር ከዜሮ በላይ የሆነ ውሃ አገኙ፤ ናንሰንም ከአትላንቲክ የመጣ መሆኑን ተረዳ። በዚያው ጉዞ በረዶው በነፋሱ አቅጣጫ ሳይሆን ከነፋሱ ወደ ቀኝ እያዘነበለ እንደሚሄድ አስተዋለ፤ ይህን ትዝብት ቫልፍሪድ ኤክማን በ1905 በሒሳብ አብራራው። ያ ሒሳብ ዛሬም የዋልታ ባሕሮችን እንቅስቃሴ የምንረዳበት መሠረት ነው፤ ከአንድ መርከብ የተገኘ ፍሬ ይህን ያህል መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ቀጣዩ ጥያቄ «ቢወጣስ በረዶውን ያጠፋዋል?» የሚለው ነው። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ አብረን እንሥራው። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4 ሜጋጁል (ሜጋጁል የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይለቃል። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር በረዶ ለማቅለጥ 300 ሜጋጁል ገደማ ያስፈልጋል። ሞቃቱ ንብርብር 400 ሜትር ውፍረት ኖሮት በረዶ ከሚሆንበት ነጥብ በአማካይ በ2.5 ዲግሪ ቢበልጥ፣ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ሥር የተከማቸው ትርፍ ሙቀት 4000 ሜጋጁል ይሆናል፤ ይህም 13 ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ያቀልጣል። የአርክቲክ በረዶ ውፍረት ሁለት ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ከበቂ በላይ ነው፤ ጥያቄው የሙቀቱ መጠን ሳይሆን ወደ ላይ የሚወጣበት ፍጥነት ነው። ብዙ ጽሑፎች የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይዘው አንባቢን ያስደነግጣሉ፤ ሁለተኛውን ሳይጠቅሱ የመጀመሪያውን መናገር ግን አያስተምርም።

ፍጥነቱን የምንለካው በዋት በስኩዌር ሜትር ነው። አንድ ዋት በስኩዌር ሜትር ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ወደ በረዶው ቢደርስ፣ በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በረዶ ያቀልጣል ወይም እንዳይሠራ ያደርጋል። በካናዳ ተፋሰስ መካከል ከአትላንቲኩ ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት ከ0.3 ዋት አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም በእጅጉ ያነሰ ነው። በዚያ ያለው የአሠራር መንገድ በራሱ ድንቅ ነው። ሙቀት በውሃ ውስጥ ከጨው ይልቅ በመቶ እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ስለሚሰራጭ፣ በቀዝቃዛው ቀላልና በሞቃቱ ከባድ ውሃ መካከል ያለው ወሰን ለስላሳ ቁልቁለት ሆኖ አይቀርም፤ ራሱን ወደ ደረጃዎች ይቆርጣል። እያንዳንዱ ደረጃ ጥቂት ሜትር ውፍረት አለው፤ በውስጡ ሙቀቱም ጨውም ወጥ ነው፤ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲታለፍ ያለው ልዩነት ደግሞ ከዲግሪ መቶኛ እጅ ጥቂት ብቻ ነው። መሣሪያው ይህን ሲመዘግብ ወረቀቱ ላይ በእርግጥ የቤት ደረጃ የመሰለ ቅርጽ ይወጣል፤ አንዱ ደረጃ ወደ ጎን በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ተዘርግቶ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ስስ አሠራር ሳይፈርስ መቆየቱ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፦ ያ ውሃ እጅግ ጸጥተኛ ነው። በረዶው እንደ ክዳን ነፋሱን ያግዳል፤ በንብርብሮቹ መካከል፣ ከውሃው ውስጥ የሚሄዱት የውስጥ ማዕበሎች ደካማ ናቸው፤ በጥልቁ ተፋሰስ ላይ የባሕሩ ሞገድ መውጣትና መውረድም ውሃውን ለማማሰል ያለው ጉልበት ትንሽ ነው።

እንግዲህ የተለወጠው ምንድን ነው? መልሱ እንደ ቦታው ይለያያል፤ በእኔ አመለካከት ከዚህ ርዕስ ሁሉ አንባቢ ሊይዘው የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ነው። የአርክቲክ ሁለቱ ጎኖች በተቃራኒ አቅጣጫ እየሄዱ ናቸው።

በአውሮፓና በሳይቤሪያ በኩል ግድግዳው እየሳሳ ነው። ይህን በግልጽ ያሳየው የባሬንትስ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ነው። ይህ ባሕር የላይኛውን ቀላል ውሃ የሚያገኘው በዋናነት ከሰሜን እየተንሳፈፈ መጥቶ በዚያ ከሚቀልጠው በረዶ ነው። በረዶው ሲቀንስ የሚመጣው ጣፋጭ (ጨው የሌለበት) ውሃም አብሮ ቀነሰ፤ ጣፋጭ ውሃ ሲቀንስ ከላይና ከታች ያለው የጨው ልዩነት ጠበበ፤ ልዩነቱ ሲጠብ የአትላንቲኩ ሙቀት ወደ ላይ መድረስ ቀለለው፤ ሙቀቱ ሲደርስ ደግሞ በክረምት የሚሠራው በረዶ ይበልጥ አነሰ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የዚያ ባሕር የላይኛው ክፍል በግልጽ ሞቋል፣ ጨዋማም ሆኗል። ሰንሰለቱ መጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚመለስ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተጀመረ ወደ ኋላ ለመመለስ ብዙ በረዶ ወይም ብዙ ጣፋጭ ውሃ ከሌላ ቦታ መምጣት ይኖርበታል። አርክቲክ የነበረው ባሕር የአትላንቲክን ጠባይ እየወረሰ ስለሆነ ባለሙያዎች ሂደቱን አትላንቲፊኬሽን ይሉታል።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ በዩሬዥያ ተፋሰስ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከባሕሩ ወለል ጋር በገመድ ታስረው ለዓመታት የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። በ2007 እና 2008 ክረምት ከአትላንቲኩ ውሃ ወደ ላይ ይወጣ የነበረው ሙቀት ከ3 እስከ 4 ዋት በስኩዌር ሜትር ነበር፤ ከ2016 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ግን ከ10 ዋት በላይ ሆነ። ከላይ ባስቀመጥነው ስሌት ብንመነዝረው፣ በስድስት ወር ክረምት ውስጥ 10 ዋት ማለት ሳይሠራ የሚቀር ግማሽ ሜትር በረዶ ነው። በካናዳው በኩል ካለው 0.3 ዋት ጋር ስታነጻጽሩት አንድ ውቅያኖስ ለማለት ያስቸግራል። በሌላ በኩል ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገርም አለ፤ በ1990ዎቹም የሳይቤሪያ ወንዞች ውሃ መንገዱን ወደ ምሥራቅ በማዞሩ ቀዝቃዛው ሃሎክላይን ከተፋሰሱ ሰፊ ክፍል አፈግፍጎ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በከፊል ተመልሷል። ስለዚህ የአንድ አካባቢ የጥቂት ዓመት መረጃ ብቻውን የዘላቂ ለውጥ ማስረጃ አይሆንም። የአሁኑን ከዚያኛው የሚለየው የበረዶው መሳሳት፣ የነፋሱ ተጽዕኖ መጨመርና የሃሎክላይኑ መዳከም በአንድ ጊዜ መምጣታቸው ነው።

በካናዳ ተፋሰስ የሆነው ተቃራኒው ነው። በዚያ የቦፎርት አዙሪት የሚባል በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ የሚዞር ሰፊ የነፋስና የውሃ ዑደት አለ። ኤክማን ባሳየው ሕግ መሠረት ነፋሱ የላዩን ውሃ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ አዙሪቱ መካከል ይገፋዋል፤ በዚህም ጣፋጭ ውሃ በመካከል ይከማቻል። ከ2003 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ብቻ የተከማቸው ጣፋጭ ውሃ ከ6000 ኪሎ ሜትር ኩብ በላይ ጨምሯል። ግድግዳው በዚህ በኩል ወፈረ ማለት ነው፤ የአትላንቲኩም ሙቀት ከበፊቱ ይበልጥ ተቀበረ። ይህ ግን መልካም ዜና ብቻ አይደለም። በዚያ በኩል በላዩ ውሃና በአትላንቲኩ መካከል፣ በበጋ ከቤሪንግ ሰርጥ በኩል ገብቶ በተለይ በቹክቺ ባሕር ላይ በፀሐይ የሞቀ የፓሲፊክ ውሃ ገብቶ ይቀመጣል። ባሕሩ ከበረዶ ነጻ የሚሆንበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ይህ ውሃ የሚይዘው ሙቀት ይጨምራል። ከ1987 እስከ 2017 ባሉት ሠላሳ ዓመታት በአዙሪቱ ሃሎክላይን ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ይህ ሙቀት ያለው በ400 ሜትር ሳይሆን ከ100 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ላይም ጭምር ነው፤ ሊቀርብ የሚችለውን አደጋ ስመዝን ከታችኛው ይልቅ ይኼኛው ያሳስበኛል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባኛል። በአርክቲክ የበጋ በረዶ መቀነስ ላይ ትልቁን ድርሻ የያዘው ከጥልቅ የሚወጣው ሙቀት አይደለም፤ ከአየሩ መሞቅ ጋር የተያያዘው፣ ከላይ የሚመጣው የፀሐይ ኃይል ነው። በረዶ የለበሰው ባሕር፣ በተለይ ላዩ አመዳይ ሲሆን፣ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ መልሶ ይጥላል፤ የተገለጠ ውሃ ግን ከ90 በመቶ በላይ ይውጣል። በረዶው በሳሳና በተበታተነ ቁጥር በመካከል ያለው ውሃ ፀሐይን እየጠጣ ጎኑንና ሆዱን ይበላዋል። ሳተላይቶች ያለማቋረጥ መመዝገብ ከጀመሩበት ከ1979 ወዲህ ዝቅተኛ የሆነው የመስከረም በረዶ የተመዘገበው በ2012 ሲሆን፣ 3.4 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የጥልቁ ሙቀት ዋና ሥራ በክረምት ነው፤ በጋ ያቀለጠውን ክረምት እንዳይተካው ያደርጋል። በረዶው በክረምት ሳስቶ ካደገ በቀጣዩ በጋ ፀሐይዋ ሥራዋ ይቀልላታል። ሁለቱን ተቀናቃኝ ማብራሪያዎች አድርጎ መከራከር ስለዚህ ከንቱ ነው።

ሞቃቱ ውሃ ቢወጣ በረዶ ጨርሶ አይሠራም ማለትም አይደለም። የክረምቱ ሰማይ ሙቀትን ከባሕሩ ላይ መንጠቁን አይተውም፤ የላዩ ውሃ ጣፋጭ እስከሆነ ድረስ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ከዚህም ሌላ የሚቀልጠው በረዶ ራሱ ጣፋጭ ውሃ ስለሚለቅ ለጊዜው ክፍተቱን መልሶ ይደፍነዋል። ይህ ራስን የመግታት ባሕርይ ባይኖር ኖሮ ሂደቱ ከምናየው እጅግ በፈጠነ ነበር። የሚያዋጣው ጥያቄ በአንድ ቦታ ላይ መድፈኑ ይበረታል ወይስ መቦርቦሩ የሚለው ነው፤ መልሱ ደግሞ ቀደም ብዬ ያዙልኝ ወዳልኩት ነጥብ ይመልሰናል። መከላከያውን የሚሠራው በረዶው ስለሆነ፣ በረዶ የሚሠራበት ቦታና ጊዜ ሲቀየር መከላከያውም የሚሠራበት ቦታ ይቀየራል። የባሬንትስ ባሕር በረዶ ይሠራበትና ይቀልጥበት የነበረ ቦታ ሆኖ ሳለ ዛሬ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ወደሚሆን ባሕር እያዘነበለ ነው፤ የቀድሞው ጠርዝም ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጥልቁ ተፋሰስ እየተገፋ ነው። በረዶው ሲሳሳ ደግሞ ነፋሱ ይበልጥ ስለሚያንቀሳቅሰው፣ በላዩ ንብርብር ውስጥ ያለው የውሃ ፍጥነትና የፍጥነት ልዩነት ይጨምራል፤ ያ ጸጥተኛ ውሃ ጸጥታው ይቀንሳል።

ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ለማየት ግን ወደ ደቡብ መውረድ ያስፈልጋል። በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው ባሕርም ከቀዝቃዛው የላይ ውሃ ሥር ሞቃትና ጨዋማ ውሃ አለ፤ ነገር ግን በዚያ የጨው ልዩነቱ ከአርክቲክ በጣም ያነሰ ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው። ከ1974 እስከ 1976 በነበሩት ሦስት ተከታታይ ክረምቶች በዌዴል ባሕር መካከል 250,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ያልሸፈነው ክፍት ቦታ ታየ፤ እንዲህ ያለው ቦታ ፖሊኒያ ይባላል። ከላይ ያለው ውሃ ጨዋማነቱ ጨምሮ ከታችኛው ጋር በክብደት ስለተቀራረበ ውሃው ተገለበጠ፤ ሞቃቱ ወጣ፣ ቀዝቅዞ ሰመጠ፣ ሌላ ተተካ። ጠያቂያችን «ለምን አይወጣም?» ብለው የጠየቁት ነገር በዚያ በእርግጥ ሆኗል። ያን የሚያህል ከዚያ ወዲህ አልታየም፤ በ2017 ግን በዚያው አካባቢ፣ ሞድ ራይዝ ከተባለው ከባሕር ሥር ያለ ከፍታ በላይ፣ አነስ ያለ ፖሊኒያ ተከፍቶ ነበር።

በዚያው በአንታርክቲካ፣ በምዕራብ በኩል ባለው በአሙንድሰን ባሕር ያለው ጉዳይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በዚያ ሞቃቱ ውሃ ወደ ላይ መውጣት አያስፈልገውም፤ በባሕሩ ወለል ባሉ ጥልቅ ሸለቆዎች ተጉዞ ከየብስ ወደ ባሕር በሚዘረጉት በፓይን አይላንድና በትዌይትስ ግግሮች ሥር ይገባል። ግፊት በረዶ የሚቀልጥበትን ነጥብ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ በ1000 ሜትር ጥልቀት ያ ነጥብ ከዜሮ በታች 2.6 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዲግሪ ያለው ውሃ በዚያ የ3.6 ዲግሪ ትርፍ ይዞ ይደርሳል። የባሕር በረዶ ቢቀልጥ የባሕሩን ከፍታ በቀጥታ ያን ያህል አይለውጠውም፤ ይህኛው ግን ከየብስ የሚመጣ በረዶ ስለሆነ ይለውጠዋል። ሰው አልባዋ ጠላቂ መርከብ አውቶሰብ 3 በ2009 ከፓይን አይላንድ ተንሳፋፊ ግግር ሥር ገብታ ይህን ሞቃት ውሃ በቅርብ ለክታለች።

ጠያቂያችን ጉዳዩን ወደፊት መከታተል ከፈለጉ፣ ስለ አርክቲክ ሲነበብ በመጀመሪያ የሚፈለገው ቁጥር የአትላንቲኩ ውሃ ስንት ዲግሪ ደረሰ የሚለው አይደለም፤ የሙቀቱ ጫፍ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍና ዝቅ ይላል። ከ50 እስከ 150 ሜትር ባለው ጥልቀት፣ በክረምቱ መጨረሻ፣ በሚያዝያ አካባቢ የተለካውን ጨዋማነት ይመልከቱ። በዚያ ወቅት የላዩ ንብርብር በበረዶው በተጣለው ጨው እስከሚችለው ድረስ ወደ ታች ቦርቡሮ ጨርሷል፤ በእርሱና በታቹ ሞቃት ውሃ መካከል የቀረው የጨው ልዩነት ስንት ግራም እንደሆነ የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው። በበረዶው ላይ ተተክለው በገመድ ላይ እየወጡና እየወረዱ እስከ 750 ሜትር የሚለኩት ራስ ገዝ መሣሪያዎች ከ2004 ጀምሮ ይህንኑ ቁጥር ከክረምቱ ጨለማ ውስጥ በሳተላይት እየላኩ ነው፤ በረዶው በሳሳ ቁጥር ግን መሣሪያዎቹ የሚተከሉበት ጽኑ የበረዶ ሜዳ ማግኘት እየከበደ ሄዷል፤ መለካት የሚያስፈልገንም በተለይ እነዚያን ቦታዎች ነው።